ልጄ ነርሲንግ ትታ የአፍሪካ ጥናት ልማር አለችኝ፤ ምን ይጠቅማታል?

የሜሪላንዷ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ልጄ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ነርሲንግ ለመግባት የሚያስፈልጉትን ኮርሶች ስትወስድ ነበር፣ ውጤቷም ጥሩ ነው። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቡና ሳፈላ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና "እማዬ፣ ሜጀሬን ልቀይር ነው" አለችኝ። ወደ ምን ስላት፣ "ኢንተርናሽናል ስተዲስ፣ ትኩረቱ አፍሪካ" አለች። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪቀርብ ድረስ ቃል አልወጣኝም።

አባቷ ማታ ከሥራ ሲገባ ነገርኩት። ታክሲ ነው የሚነዳው፣ ደክሞት ነበር። "አፍሪካን ለመማር አሜሪካ ድረስ መምጣት ምን አስፈለገ?" አለ። ተቆጥቶ አይደለም፣ ጨንቆት ነው።

እኔም ፈርቻለሁ። ነርስ ሲባል ሥራው ይታየኛል። ሆስፒታሉ አለ፣ ደመወዙ አለ። የአፍሪካ ጥናት ሲባል ግን ተመርቃ ጠዋት ተነሥታ የት እንደምትሄድ አይታየኝም። በሌላ በኩል ደግሞ ልጅቷን አያታለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ማታ ማታ ጎንደር ካለችው እናቴ ጋር በቪዲዮ ፊደል ታነባለች። ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ፣ ደብተሯን ዘርግታ፣ "አያቴ፣ ይሄኛው ጸ እና ያኛው ፀ ድምፃቸው አንድ ከሆነ ለምን ሁለት ሆኑ?" ትላታለች። እናቴም ቄሱን ጠይቃ በማግስቱ መልሱን ይዛ ትደውላለች። ለባዮሎጂ ፈተና እንዲህ ስትጓጓ አይቻት አላውቅም።

ይህን ትምህርት የተማራችሁ ካላችሁ፣ ምን ጠቀማችሁ? ምን ሥራ ያዛችሁ? ክፉውንም ደጉንም ሳትደብቁ ንገሩኝ።

ቨርጂኒያ ያደግሁ፦

እትዬ፣ ጽሑፍዎን ሳነብ የራሴ እናት የጻፈችው መሰለኝ። እኔ የተማርኩት የመካከለኛው ምሥራቅ ጥናት ነው፣ ቋንቋዬ ዓረብኛ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2017 ተመረቅሁ፣ ዓመት ስጠቅስ ሁሉ በእሱ ነው። ቤተሰቦቼ ፋርማሲ ነበር ያሰቡልኝ።

መጀመሪያ ምን እንደምትማር ልንገርዎ፣ ስሙ ሰውን ያደናግራልና። አንድ የዓለም ክፍል ይመረጣል። ከዚያ የቦታውን ታሪክ፣ ኢኮኖሚ፣ ሃይማኖት፣ ፖለቲካና ቋንቋ አንድ ላይ ይማራሉ። ለምሳሌ ኢኮኖሚክስ የሚማር ልጅ የድጎማን ነገር በቀመር ያውቀዋል። እኛ ደግሞ በ1977 የግብፅ መንግሥት የዳቦ ድጎማ ላነሣ ሲል ሕዝቡ ለምን ነቅሎ አደባባይ እንደወጣ፣ መንግሥትስ ለምን በቀናት ውስጥ ውሳኔውን እንደሻረ፣ ግብፆች ዳቦን ራሱን "ዓይሽ" ማለትም "ሕይወት" ብለው እንደሚጠሩት፣ ይህን ሁሉ አገጣጥመን እናነባለን። አንድ ቃል ስታውቅ ግማሹ ነገር ይገባሃል።

ለዚህ ነው የትምህርቱ አከርካሪ ቋንቋ የሆነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያስተምርበት የራሱ የቋንቋ ትምህርት ቤት አለው። እዚያ ለአማርኛ የተመደበው 44 ሳምንት፣ 1,100 የክፍል ሰዓት ነው። ለዓረብኛና ለቻይንኛ ደግሞ 88 ሳምንት፣ 2,200 ሰዓት። ሰዎቹ ደመወዝ እየተከፈላቸው፣ ሌላ ሥራ ሳይኖራቸው ነው እንግዲህ። ልጅዎ ያንን 44 ሳምንት የስኳር ዕቃ ላይ በተደገፈ ስልክ ከአያቷ እያገኘችው ነው። ይህን ቀላል ነገር አድርገው አይዩት።

አሁን የራሴን ልንገርዎ። ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ ሴሚስተር አማን፣ ዮርዳኖስ ተማርኩ። ዓርብ ዓርብ የእኛ አገር ሴቶች ይሰበሰባሉ፣ እረፍት የሚያገኙት ማለቴ ነው። ሰው ቤት ነው የሚሠሩት። ክፍል ውስጥ ከፋላ የሚባለውን የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት አንብቤ ነበር። አሠሪው የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ እንዴት እንደያዘ፣ እሷ ያለ እሱ ፈቃድ ሥራ መቀየር እንደማትችል፣ ኢትዮጵያ በ2013 ጉዞውን ካገደች በኋላም ሰው በሕገ ወጥ መንገድ እንደሄደ። ይህን ሁሉ ለፈተና አጥንቼዋለሁ። አንድ ዓርብ ግን አንዲት ልጅ ከፌስታል ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። የሥራ ውሏ ነው፣ በዓረብኛ። ሁለት ዓመት ሠርታለች፣ ውስጡ ምን እንዳለ አታውቅም። ቃል በቃል አነበብኩላት። በሳምንት አንድ ቀን እረፍት ይላል። ያቺን መስመር ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። አንድም ቀን አርፋ አታውቅም ነበር፣ ያን ዕለት የመጣችው ማዳሟ ቤት ስላልነበረች ነው።

የመመረቂያ ጽሑፌን የጻፍኩት በዚሁ ላይ ነው። ዛሬ የምሠራው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢሮ ነው። አንድ ሰው ጥገኝነት ሲጠይቅ ዳኛው የመጣበትን አገር ሁኔታ ማወቅ አለበት። ያንን ዶክመንት አሰባስቤ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ደመወዜ የነርስ አይደለም፣ አልዋሽዎትም። ግን ከራሴ አልፌ ቤት እረዳለሁ።

ስለ ገንዘብ ደግሞ ይህን ይያዙልኝ። ልጅዎ ፔል ግራንት የሚባለውን፣ ገቢው አነስተኛ ለሆነ ተማሪ መንግሥት የሚሰጠውን ድጋፍ የምታገኝ ከሆነ ጊልማን የሚባል ስኮላርሺፕ አለ፣ ውጭ አገር ለመማር እስከ 5,000 ዶላር ይሰጣል። ቦረን የሚባለው እስከ 25,000 ዶላር ነው። ለሁለቱም የአሜሪካ ዜግነት ያስፈልጋል፣ ለቦረኑ ደግሞ ከተመረቀች በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት ለፌዴራል መንግሥት ልትሠራ ትፈርማለች። ፊርማውን አስባበት ትፈርም እንጂ ለብዙ ልጆች የመንግሥት ሥራ መግቢያ በር የሆናቸው እሱ ነው። በየዩኒቨርሲቲው ያሉት፣ እንዲህ የዓለም ክፍሎችን የሚያጠኑ ማዕከላት የሚደገፉበት ሌላ የፌዴራል ገንዘብም ነበር። ሶቪየቶች በ1957 ስፑትኒክ የተባለችውን የመጀመሪያዋን ሳተላይት ሲያመጥቁ አሜሪካኖች ደንግጠው በ1958 ባወጡት ሕግ የተጀመረ ነው። እሱ ግን አሁን አስተማማኝ ስላልሆነ ማዕከሉን በቀጥታ ትጠይቅ።

የስድስት ኪሎ ልጅ፦

እኔ ደግሞ ሌላውን ጎን ልናገር። እትዬ፣ ክፉውንም ንገሩኝ ስላሉ ነው።

አዲስ አበባ ፖለቲካል ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ተምሬ ተመርቄያለሁ። ስንገባ የነበረውን ደስታ አልረሳውም። የአፍሪካ ኅብረት እዚሁ ከተማችን ነው፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1958 ጀምሮ እዚሁ ነው፣ ኤምባሲው ሞልቷል። እንግዲህ ሥራ በደጃችን ነው ብለን ነበር። ተመርቄ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ተቀመጥኩ። በመሀል አንድ ድርጅት ስምንት ወር ያለ ክፍያ አሠራኝ። የትራንስፖርት እንኳ አልነበረውም። ቤተሰብ ላይ ሆኜ ነው የቻልኩት፣ ከክፍለ ሀገር የመጣው ጓደኛዬ ግን በሦስተኛው ወር ትቶ አገሩ ገባ።

ምን ጎደለኝ ብዬ ሳስብ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስለ ሁሉም አገር ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ፣ ስለ አንዱም ጠልቄ አላውቅም። ሁለተኛ፣ በእጄ የምሠራው ነገር አልነበረኝም። ዳታ ሰብስበህ አጠናቅረህ አምጣ ብባል አልችልም ነበር። በኋላ ፈረንሳይኛ ተማርኩ፣ ስታቲስቲክስ ተማርኩ። የስደተኞችን ጉዳይ የሚከታተል ፕሮጀክት ላይ የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጅቡቲ ድረስ የላኩኝ ፈረንሳይኛውን አይተው ነው፣ ያቆዩኝ ደግሞ ኤክሴሉን አይተው ነው።

ስለዚህ ልጅዎን አይከልክሏት፣ ግን ብቻውን አትውሰደው። ኢኮኖሚክስ ይሁን፣ የሕዝብ ጤና ይሁን፣ ስታቲስቲክስ ይሁን አብሮ ይኑር። የነርሲንግ ብላ የወሰደቻቸውንም ኮርሶች አትጣላቸው። ሳይንስ የሚያውቅና አፍሪካን የሚያውቅ ሰው አንድ ላይ ብዙ አይገኝም። እና የትኛውን አፍሪካ ነው የምትማረው? ሃምሳ አራት አገር ነው። ምሥራቁን ትያዝ፣ ከአማርኛ ሌላ ስዋሂሊ ትጨምርበት። ስዋሂሊ የኅብረቱ የሥራ ቋንቋ ነው።

ቨርጂኒያ ያደግሁ፦

በዚህ እስማማለሁ። እኔም የሕግ ረዳትነት ሰርተፍኬት ባልጨምርበት ኖሮ ጠበቃው ቢሮ አልገባም ነበር። ይህን ሳልናገር ማለፌ ጥሩ አልነበረም። ሰርተፍኬቱ በሩን ከፈተልኝ፣ ከገባሁ በኋላ ግን የሚፈልጉኝ ለዓረብኛውና ለአገር እውቀቱ ነው።

ሐምቡርግ ነዋሪ፦

እኅቴ፣ እኔ በእድሜ ያንቺ ታላቅ ሳልሆን አልቀርም፣ እኅቴ ብልሽ ቅር አይበልሽ። ባለቤትሽ የጠየቀው ጥያቄ ሆዴን ነካኝ። "አፍሪካን ለመማር አሜሪካ ድረስ መምጣት ምን አስፈለገ?" እኔም ጀርመን መጥቼ ግዕዝ የሚያጠና ጀርመናዊ ሳገኝ ይህንኑ ነበር ያልኩት።

አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። በ1649 ሮም ውስጥ ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ አገኛቸው። የጋራ ቋንቋ ስላልነበራቸው መግባባት የጀመሩት በግዕዝ ነው። ግዕዝ አፍ የፈታበት ሰው በሌለበት ዘመን ሁለት ሰዎች በግዕዝ ሲያወሩ አስቡት። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ወደሚባል የጀርመን ከተማ ተጋብዘው መጡ። ሉዶልፍ እየጠየቀ፣ እሳቸው እየመለሱ፣ ስለ አገራችን ታሪክ፣ ሃይማኖትና ቋንቋ ብዙ ተጻፈ። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስው በ1698 አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህን አላዩም፣ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከብ ሰጥሞ አረፉ። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናት መሥራች ተብሎ የሚጠራው ሉዶልፍ ነው። እዚህ ሐምቡርግ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል የተሰየመውም በእሱ ስም ነው። ይገባዋል፣ ሰውየው እድሜውን ሰጥቶበታል። እኔ ግን ስሙን ባነበብኩ ቁጥር መልስ ሲሰጡ የነበሩትን መነኩሴ አስባለሁ።

ለባለቤትሽ የምነግረው ይህን ነው። ስለ እኛ ብዙ መልስ ሰጥተናል፣ ጥያቄውን ያወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ያንቺ ልጅ የምትማረው ጥያቄ ማውጣት ነው። ደግሞ መረጃው ራሱ የት እንዳለ እይ። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት ብራናዎች ብዙዎቹ ለንደን ናቸው። በ1970ዎቹ አገር ቤት በየገዳሙና በየደብሩ እየተዞረ በማይክሮፊልም የተነሡት በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች ቅጂያቸው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ነው ያለው። አሜሪካ ለመማር መምጣት ለምን አስፈለገ ላለው፣ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቶሮንቶም እንዲሁ ነው። ድምፃዊው አቤል ተስፋዬ በ2016 50,000 ዶላር ሰጥቶ፣ ሌላውም ማኅበረሰብ አዋጥቶ ዩኒቨርሲቲው ግዕዝ ማስተማር ጀመረ።

አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቂያት። ፕሮፌሰር እሆናለሁ ብላ ብቻ እንዳትገባ። ያ መንገድ ጠባብ ነው፣ የሚከፈተው የማስተማር ቦታ እጅግ ጥቂት ነው። ጎበዞች ጨርሰው ለዓመታት በጊዜያዊ ውል ሲንከራተቱ እዚህ በዓይኔ አይቻለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ግን እውቀቱ የትም አይወድቅም።

ባቡር ላይ የሠራሁ፦

የኔ አጭር ናት። ቻይንኛ ነው የተማርኩት፣ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ሲሠራ አስተርጓሚ ነበርኩ። መጀመሪያ ቋንቋ ብቻ በቂ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን የአካባቢው ገበሬዎች ለከብት መሻገሪያ ይሠራልን ብለው መጡ። ኢንጂነሩ አዳመጠና "የንጅዮ የንጅዮ" አለ። እኔም "እናጠናዋለን ብሏል" ብዬ ተረጎምኩ። ቃሉ ያ ነው። ገበሬዎቹ ደስ ብሏቸው መርቀው ሄዱ። በሳምንቱ ተመለሱ፣ በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ። ሰውየው ከመጀመሪያውም ያለው እምቢ ነው! እኛ "እሺ ነገ" እንደምንለው፣ ፊት ላለመጋፋት። አንድ ሽማግሌ "ልጄ፣ አንተ ነህ የዋሸኸን ወይስ እሱ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ነው የቻይናን ታሪክ፣ የመሥሪያ ቤታቸውን ሥርዓት፣ አለቃ ፊት እንዴት እንደሚናገሩ ቁጭ ብዬ የተማርኩት። በቀጣዩ ጊዜ ኢንጂነሩን ለብቻው አግኝቼ፣ ለአለቃው በጽሑፍ የሚያቀርብበትን መንገድ አብረን ፈለግን። መሻገሪያው ተሠራ፣ ከተጠየቀበት ቦታ ትንሽ ራቅ ብሎ። እትዬ፣ ልጅዎ የምትማረው ይሄን ነው። እነሱም እኮ እየተማሩን ነው፣ ቤይጂንግ ውስጥ አማርኛ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አለ።

የሜሪላንዷ እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ደጋግሜ አነበብኩት።

ማታ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። አባ ጎርጎርዮስ ጋ ስደርስ "እንደገና አንብቢው" አለኝ። ከዚያ ተነሥቶ ልጅቷን ጠራትና "እስኪ የምትማሪውን ዝርዝር አሳዪኝ" አላት። ላፕቶፗን ይዛ መጣች። እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጡ። እኔ ተኝቼ ከመኝታ ቤት ድምፃቸውን እሰማ ነበር፣ እሱ ሲጠይቅ እሷ ስትመልስ።

የደረስንበት ይህ ነው። ሜጀሯ የምሥራቅ አፍሪካ ትኩረት ያለው ኢንተርናሽናል ስተዲስ ይሆናል፣ የሕዝብ ጤናን ማይነር፣ ማለትም ሁለተኛ የትምህርት ዘርፍ አድርጋ ትይዛለች። ስታቲስቲክሱን ለነርሲንግ ብላ ወስዳዋለች፣ አንድ ትጨምራለች። በሚቀጥለው ሴሚስተር ስዋሂሊ ትጀምራለች። ፔል ስለምታገኝ ለጊልማን ልታመለክት ነው። የቦረኑን ፊርማ አባቷ ገና እያሰበበት ነው፣ እኔም አልቸኮልኩም። ልቤ ሙሉ በሙሉ አረፈ ማለት አልችልም። ግን ጠዋት ተነሥታ የት እንደምትሄድ አሁን ትንሽ ትንሽ ይታየኛል።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። በክረምት አያቷ ጋ ጎንደር ልንሄድ ነው። በመንገዳችን አዲስ አበባ ሳምንት እንቆያለን። ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ማየት ትፈልጋለች፣ ቤተ መጻሕፍቱ ገብታ ማንበብ ትችላለች?

የስድስት ኪሎ ልጅ፦

ደስ ይላል እትዬ! ተቋሙ ያለው የቀድሞው የንጉሡ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1963 ጀምሮ። ሙዚየሙን ቲኬት ቆርጦ ማንም ይገባል፣ የጃንሆይን መኝታ ክፍልም ታያለች። ለቤተ መጻሕፍቱ ግን ከዩኒቨርሲቲዋ የትብብር ደብዳቤ ይዛ ትምጣ። ማኅተም ያለበት ይሁን፣ ምን ማንበብ እንደምትፈልግም በግልጽ ይጻፍበት። የተማሪነት መታወቂያዋንና የፓስፖርቷን ኮፒ አትርሳ። ጠዋት ትድረስ፣ ከምሳ በኋላ ሰው ይበዛል። ስትመጡ እዚሁ ጻፉልኝ፣ በሩ ድረስ መጥቼ አስገባታለሁ።